ዕብጠቱ ድንጋይ ይመስላል፣ የካንሰር ሴል ግን ለስላሳ ነው ይባላል፦ የትኛውን እንመን?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። የጠያቂዋ እናት 58 ዓመታቸው ነው፣ ጡታቸው ላይ ዕብጠት ተገኝቶ ሀኪሙ ማሞግራሙንና አልትራሳውንዱን ካየ በኋላ በመርፌ ናሙና ይወሰድ፣ ማለትም ባዮፕሲ ይሰራ ብሏል። ልጃቸው ደግሞ የካንሰር ሴሎች ከጤነኛ ሴሎች ይልቅ ለስላሳ መሆናቸው ተለክቶ መረጋገጡን የሆነ ቦታ አንብባ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ "የእናቴ ዕብጠት ሲነካ ድንጋይ ነው የሚመስለው፣ ካንሰር ለስላሳ ከሆነ ይሄ ጠንካራ መሆኑ ጥሩ ምልክት አይደለም ወይ? ደግሞ መርፌ ከነካው ይሰራጫል እየተባለ እናቴ በጣም ፈርታለች፣ ባዮፕሲውን ትተን የሴሎቹን ልስላሴ በደም ወይ በሌላ ዘዴ የሚለካ ቦታ ብንፈልግ አይሻልም?"

አይሻልም። ጠንካራ መሆኑም ጥሩ ምልክት አይደለም። በርግጥ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ካንሰር ነው ማለትም አይቻልም፣ ብዙ ጠንካራ ዕብጠቶች ተመርምረው ምንም ሆነው አይገኙም። ግን እዚህ ጋር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውብሻል፣ ጥፋቱም ያንቺ አይደለም፣ ስለ ጉዳዩ የሚጻፈው ራሱ አንዱን ከሌላው ሳይለይ ነው የሚጻፈው። በጣት የሚነካው ዕብጠቱ ነው። ተለክታ ለስላሳ ናት የተባለችው ደግሞ ከዛ ዕብጠት ውስጥ ለብቻዋ የወጣች አንዲት ሴል ናት። ሁለቱም ልክ ነው፣ ባንድ ሰው ጡት ውስጥ በአንድ ጊዜ ሁለቱም ልክ ሊሆን ይችላል፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው እንደዛ ነው።

እስቲ እንዲህ አስቢው። ትናንሽ ፊኛዎች ውሃ ሞልተሽ አንድ በአንድ ብትጫኛቸው እጅሽ ስር ልምጥ ልምጥ ይላሉ። እነዛኑ ፊኛዎች በወፍራም ገመድ መረብ ውስጥ ጠቅጥቀሽ ከተትሽና መረቡን ጥብቅ አድርገሽ ብታስሪው ግን ጥቅሉ በእጅ ሲነካ ድንጋይ ነው። ፊኛዎቹ አልጠነከሩም፣ የጠነከረው መረቡና ውስጡ ያለው ግፊት ነው። በዕጢ ውስጥ ገመዱ ኮላጅን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ዕጢ ሲያድግ ዙሪያው ያሉት ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች የማይድን ቁስል እንደሚጠግኑ ሆነው ኮላጅን ያለማቋረጥ ያመርታሉ፣ ሊሲል ኦክሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም ደግሞ ክሮቹን እርስ በርስ ያያይዛቸዋል፣ በዛ ላይ ዕጢው ውስጥ የሚፈጠሩት አዳዲስ የደም ስሮች የሚያፈሱ ስለሆኑ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል፣ ሴሎቹም ቦታ በሌለበት እየተባዙ እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ጣት የሚያገኘው የዚህን ሁሉ ድምር ነው።

ይሄ ጥንካሬ ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፣ ሴሎቹ የተቀመጡበትን ቦታ ጥንካሬ ይዳስሳሉ፣ እንደዛው ሆነውም ባህሪያቸውን ይቀይራሉ። በ2006 የወጣ አንድ ስራ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ከመቅኔ የተወሰዱ ስቴም ሴሎችን፣ ማለትም ገና ወደ ተለያየ የሴል ዓይነት መቀየር የሚችሉትን፣ የተለያየ ጥንካሬ ያለው ጄል ላይ አስቀመጧቸው፣ 1 ኪሎፓስካል (ኪሎፓስካል የጥንካሬ መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ነገሩ ይጠነክራል) የማይሞላ እንደ አንጎል የለሰለሰ ጄል ላይ ያሉት የነርቭ ሴል መልክ መያዝ ጀመሩ፣ 10 ኪሎፓስካል አካባቢ ያሉት እንደ ጡንቻ፣ ከ25 እስከ 40 ኪሎፓስካል ያሉት ደግሞ ወደ አጥንት ሴል ሄዱ። ሌላው ሁኔታ ተመሳሳይ ሆኖ የተቀየረው የተቀመጡበት ጄል ጥንካሬ ነው። የጡት ሴሎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፣ ለስላሳ ጄል ውስጥ ሲያድጉ ክብና ስርዓት ያለው ቅርጽ ይሰራሉ፣ ጄሉ ሲጠነክር ቅርጹ ይፈርስና ሴሎቹ ወደ ውጪ መግፋት ይጀምራሉ። ስለዚህ የዕብጠቱ ጥንካሬ በሽታውን ሊያግዝ የሚችል ነገር ነው፣ "ጠንካራ ስለሆነ ደህና ነው" የሚለው ሀሳብ የተገለበጠ ነው የምልሽ ለዚህ ነው።

ታዲያ ሴሏ ለምን ለስላሳ ሆነች? እያንዳንዷ ሴል ውስጥ አጽም የሚያክል የክሮች መዋቅር አለ፣ ዋናው አክቲን የሚባለው ነው፣ ከሽፋኗ ስር እንደ መረብ ተዘርግቶ ቅርጿን የሚይዘው እሱ ነው። ብዙ የካንሰር ሴሎች ላይ ይሄ መረብ ይላላል ወይ አደረጃጀቱ ይቀየራል፣ ሴሏም በቀላሉ የምትተጣጠፍ ትሆናለች፣ ይሄ ደግሞ ከቦታዋ ወጥታ በጠባብ ክፍተት ሾልካ ወደ ደም ስር ለመግባት ይጠቅማታል። በ2007 ዩሲኤልኤ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከታማሚዎች ሳንባ ዙሪያ የተቀዳ ፈሳሽ ውስጥ ያገኟቸውን ሴሎች አንድ በአንድ ለክተው የተሰራጨ ካንሰር ሴሎቹ እዛው ፈሳሽ ውስጥ ካሉት ጤነኛ ሴሎች ከ70 በመቶ በላይ የለሰለሱ መሆናቸውን አሳዩ። አንቺ ያነበብሽው ጽሁፍ መነሻው ይሄ ወይ የዚህ ዓይነት ስራ ይመስለኛል። በ2012 ደግሞ ስዊዘርላንድ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሰዎች ከጡት የተወሰደ ናሙና ሳይበታተን እንዳለ ቦታ በቦታ ለኩት፣ ጤነኛውና ካንሰር ያልሆነው ዕብጠት ከዳር እስከዳር ተቀራራቢ ጥንካሬ ሲኖረው ካንሰሩ ግን የተዘበራረቀ ነበር፣ አንዱ ጋ በጣም ለስላሳ፣ ትንሽ አለፍ ሲል ጠንካራ። ለስላሳው ቦታ ሴሎቹ ያሉበት ነው፣ ጠንካራው ኮላጅኑ። ሁለቱን ያደባለቀብሽን ነገር በአንድ ናሙና ላይ ጎን ለጎን ያሳየ ስራ ስለሆነ እኔ በጣም የምወደው ነው።

ግን "የካንሰር ሴል ለስላሳ ነው" የሚለውን እንደ ህግ እንዳትይዢው። የማይከተሉት አሉ። የደም ካንሰር ሴሎች ለምሳሌ በኬሞቴራፒ ሲሞቱ ይጠነክራሉ፣ ስለዚህ የዛኑ ሰው ሴል ከመድሃኒቱ በፊትና በኋላ ብትለኪ የተለያየ ነገር ታገኛለሽ። ደግሞ ያቺው ለስላሳ የምትባለው ሴል ውስጧ ያለው ኒውክሊየስ፣ ዲኤንኤ የሚቀመጥበት ክፍሏ፣ ከቀሪው አካሏ የጠነከረ ነው፣ በጠባብ ቀዳዳ ስታልፍ የሚይዛት እሱ ነው፣ እሱ ካላለፈ እሷም አታልፍም። አማካይ ቁጥሩ ይለያያል ማለትም እያንዳንዷ ሴል ትለያለች ማለት አይደለም፣ ከጤነኞቹም ለስላሳ አለ፣ ከካንሰሮቹም ጠንካራ አለ፣ ሁለቱ ቡድኖች መሀል ላይ ይደራረባሉ። አንድ መቶ ሴል ለክቶ በአማካይ ልዩነት አለ ማለትና አንዲት እናትን አስቀምጦ "ነው" ወይ "አይደለም" ማለት በጣም የተራራቁ ስራዎች ናቸው።

አለካኩን ትንሽ ቀረብ አድርጌ ላሳይሽ፣ ካላየሽው ለምን ሆስፒታል እንዳልገባ አይገባሽም። እኔ የምሰራበት መሳሪያ አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ይባላል፣ በ1986 የመጣ ነው፣ ስሙ ማይክሮስኮፕ ይሁን እንጂ የሚያየው በመዳሰስ ነው። በጣም ስስ የሆነች ዘንግ አለች፣ ጫፏ ላይ ሾል ያለ ነገር ወይም ጥቂት ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የምታክል ኳስ ተለጥፋለች፣ ጀርባዋ ላይ ሌዘር ያርፍና ስትታጠፍ ይነግረናል። ሴሏ 37 ዲግሪ ላይ በተያዘ ፈሳሽ ውስጥ ሳህን ላይ ተጣብቃ ተኝታለች። ዘንጓን ቀስ እያልን እናወርዳታለን፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ምንም ሳይል ቀጥ ብሎ ይመጣል ይመጣል፣ ልክ ስትነካት መታጠፍ ይጀምራል፣ ለስላሳ ከሆነች ቀስ ብሎ እንደሚወጣ ዳገት ነው፣ ጠንካራ ከሆነች ቀጥ ያለ ገደል። የምንጫናት ጉልበት በናኖኒውተን የሚቆጠር ነው፣ አንድ ናኖኒውተን የኒውተን አንድ ቢሊዮንኛ ነው፣ ወደ ውስጥ የምንገፋት አንድ ማይክሮን እንኳን አይሞላም። ከዛ መስመር ላይ ነው ቁጥሩ የሚሰላው። ያቺኑ ሴል ጠርዟ ላይ ብጫናትና ኒውክሊየሷ በላይ ብጫናት ቁጥሩ አንድ አይሆንም፣ በፍጥነት ብጫናትና በዝግታ ብጫናትም አንድ አይሆንም፣ ምክንያቱም ሴል ጎማ ብቻ አይደለችም፣ ወፍራም ፈሳሽም ናት፣ ቶሎ ሲነኳት ትጠነክራለች፣ ቀስ ሲሏት ትለሰልሳለች። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ቁጥሩ ይቀየራል፣ ከሳህኑ ስትነቀል ክብ ሆና አጽሟን መልሳ ታደራጃለች፣ ከሰውነት ከወጣች በኋላ ሰዓታት ካለፉ ደግሞ መሞት ትጀምርና የምለካው የካንሰሩን ባህሪ ይሁን የመሞቷን መለየት አልችልም። በሰዓት ብዙ ተሮጦ ጥቂት አስር ሴሎች ነው የሚለኩት።

ፈጣን የሆኑ ዘዴዎች አሉ፣ ከጸጉር በቀጠነ ቦይ ውስጥ ሴሎቹን በፈሳሽ እያስሮጡ ሲያልፉ ምን ያህል እንደተለጠጡ በፈጣን ካሜራ ማንሳት ነው፣ ከ2012 ወዲህ በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ሺዎች ሴል መለካት ተችሏል። ለደም ግሩም ነው፣ ደም ውስጥ ያሉ ሴሎች መጀመሪያውኑ ተነጣጥለው የሚንሳፈፉ ናቸው። የጡት ዕብጠት ግን ቲሹ ነው፣ ማለትም ሴሎቹ እርስ በርስ ተያይዘው የተሰራ ስጋ፣ ሴሎቹን ለመነጣጠል በኢንዛይም ማሟሟት አለብሽ፣ እሱ ራሱ ደግሞ ልትለኪ የፈለግሽውን ጥንካሬ ይነካዋል።

በ2018 የታተመ አንድ ንጽጽር እኛ ባለሙያዎቹን ራሳችንን ያስደነገጠ ነው። ኤምሲኤፍ-7 የምትባል በየላቦራቶሪው ያለች የጡት ካንሰር ሴል ዘር አለች፣ ያቺኑ ሴል ለተለያዩ ላቦራቶሪዎች ሰጥተው እያንዳንዱ በራሱ መሳሪያ እንዲለካ አደረጉ፣ የወጣው የጥንካሬ ቁጥር ከአንዱ ዘዴ ወደ ሌላው ከመቶ እጥፍ በላይ ተለያየ። የአንድ ላቦራቶሪ ስህተት አልነበረም፣ እያንዳንዱ ዘዴ ሴሏን በሌላ መጠን፣ በሌላ ፍጥነት፣ በሌላ ቦታ ነው የሚነካት። የደም ስኳር የትም ብትለኪው የሚቀራረብ ቁጥር ነው የሚሰጥሽ፣ "ከዚህ በላይ ስኳር ነው" የሚባል መስመር ማስመር ይቻላል። ለሴል ልስላሴ እንደዛ ዓይነት ሁሉም የተስማማበት መስመር የለም። አንድ ሰው "የሴልሽ ጥንካሬ ይሄን ያህል ኪሎፓስካል ነው፣ ካንሰር የለብሽም" ካለሽ፣ በየትኛው መሳሪያ፣ በምን ፍጥነት፣ ከስንት ታማሚ ጋር ተወዳድሮ ብለሽ ጠይቂ፣ መልስ አይኖረውም።

ይሄን ስልሽ ሙያው ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ፣ ህይወቴን የሰጠሁት ነገር ነው፣ እና ሀኪም ቤት የገባባቸው ቦታዎች አሉ፣ አንዳንዶቹን ሳታውቂው ተጠቅመሽባቸዋል። ሲቢሲ የሚባለው ተራው የደም ቆጠራ መነሻው የሴል ፊዚክስ ነው፣ ሴሏ በጠባብ ቀዳዳ ስታልፍ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን በመጠኗ ልክ ታደናቅፈዋለች፣ ዋላስ ኮልተር የሚባል ሰው በ1953 ፓተንቱን ያገኘበት ሀሳብ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ኤምሲቪ የሚለው ቁጥር የቀይ የደም ሴልሽ መጠን ነው። ቀይ የደም ሴል ደግሞ የዚህ ሙያ ዋና አስተማሪ ናት፣ ስፋቷ 8 ማይክሮን አካባቢ ሆኖ ሳለ 3 ማይክሮን በሚሆን የደም ስር ተጣጥፋ ታልፋለች፣ ጣፊያ ውስጥ ደግሞ 1 ማይክሮን እንኳን በማይሞላ ስንጥቅ ትሾልካለች፣ እየጠነከረች ማለፍ ያቃታት ጊዜ ጣፊያ ይይዛትና ታስወግዳለች፣ 120 ቀን ገደማ የሚሆነው ዕድሜዋ የሚያበቃበት አንዱ መንገድ ይሄ ነው። ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የቀይ ሴል በሽታ ላይ ሄሞግሎቢኑ፣ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ኦክስጅን ሲያጣ ተያይዞ ዘንግ ይሆንና ሴሏን ያጠነክራታል፣ ደም ስር ይዘጋል፣ ህመሙ የሚመጣው ከዛ ነው፣ ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 በሽታው የአንድ ሞለኪውል በሽታ መሆኑን ካሳዩ ጀምሮ ከሞለኪውል እስከ ሴል ጥንካሬ፣ ከዛ እስከ ታማሚው ህመም ሰንሰለቱ ሳይበጠስ የሚታይበት በሽታ ነው። የፋልሲፋረም ወባ የገባባት ቀይ ሴልም እየጠነከረች ነው የምትሄደው። በዘር የሚተላለፉ የቀይ ሴል ሽፋን በሽታዎችን ለመለየት ኤክታሳይቶሜትር የሚባል መሳሪያ አለ፣ ሴሎቹን በሚሽከረከር ፈሳሽ ጎትቶ በሌዘር ምን ያህል እንደተለጠጡ ያያል፣ ትላልቅ የደም በሽታ ላቦራቶሪዎች ይጠቀሙበታል።

ነጭ የደም ሴሎችም ላይ አለ። ሰውነት ኢንፌክሽን ላይ ከልክ ያለፈ ምላሽ ሲሰጥ፣ ሴፕሲስ የሚባለው፣ ነጭ ሴሎቹ ሲጨመቁ የሚለጠጡበት መንገድ ይቀየራል፣ ይሄንን የሚለካ ኢንተሊሴፕ የሚባል ምርመራ በ2022 መጨረሻ የአሜሪካውን የመድሃኒትና የህክምና መሳሪያ ተቆጣጣሪ፣ የኤፍዲኤን፣ ፈቃድ አግኝቶ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ 10 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውጤት ይሰጣል። ልብ በይ፣ የተሳካው ደም ላይ ነው፣ ሴሎቹ በሚሊዮን የሚገኙበት፣ ጥያቄውም አንድና ግልጽ የሆነበት ቦታ።

"በደም" ላልሽው፣ ከዕጢ ወጥተው ደም ውስጥ የሚዘዋወሩ የካንሰር ሴሎችን በመጠናቸውና አልጨመቅ ባይነታቸው የሚያጠምድ ፓርሶርቲክስ የሚባል መሳሪያ አለ፣ በ2022 ኤፍዲኤ ፈቅዶታል፣ ግን የፈቀደው የጡት ካንሰር እንዳለባቸውና እንደተሰራጨ ከታወቀ ታማሚዎች ደም ሴሎቹን ሰብስቦ ለማጥናት ነው። ዕብጠት ያላት ሴት ካንሰር አለባት የለባትም ለማለት አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ በሽታው በተሰራጨበት ሰው እንኳን እነዚህ ሴሎች ከቢሊዮን የደም ሴል መሀል አንድ ቢገኙ ነው፣ ጅማሬ ላይ ባለ ካንሰር አንድ ብልቃጥ ደም ውስጥ አንድም ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ደም ተወስዶ "ምንም አልተገኘም" ቢባል እናትሽን ነጻ አያደርጋቸውም። አንዲት ጠብታ ደም ማይክሮስኮፕ ስር አድርገው የሴሎችሽን "ንዝረት" ወይ "ጉልበት" አይተን ካንሰር እናውቃለን የሚሉ ሰዎችም አሉ፣ ከዚህ ሙያ ቃላት ነው የሚዋሱት፣ ከስራው ግን የላቸውም፣ ገንዘባችሁንም ጊዜያችሁንም አትስጧቸው።

ወደ መርፌው ፍርሃት ልመለስ፣ የእናትሽን ባዮፕሲ ያስቆመው እሱ ስለሆነ። ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም። መርፌው ሲወጣ በሄደበት መንገድ ላይ ጥቂት የዕጢ ሴሎች ተጎትተው ሊቀሩ እንደሚችሉ በማይክሮስኮፕ ታይቷል። ግን ከቦታዋ የተገፋች ሴልና የተሰራጨ ካንሰር አንድ አይደሉም፣ ሴል ተቀድዳ፣ ደም ስርና ጎረቤት አጥታ የትም ብትወድቅ አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች፣ ከባዮፕሲው በኋላ ቀናት በጨመሩ ቁጥር በመርፌው መንገድ ላይ የሚገኙት ሴሎች እየቀነሱ እንደሚሄዱም ተጠንቷል። በመርፌ ባዮፕሲ የተደረገላቸው የጡት ካንሰር ታማሚዎች በዚህ ምክንያት ዕድሜያቸው አጥሮ አልተገኘም፣ ካንሰር ሆኖ ከተገኘም ኦፕራሲዮኑና ጨረሩ ብዙ ጊዜ ያንን አካባቢ ያካትታል። መርፌ የሚከለከልባቸው ቦታዎች መኖራቸው ግን እውነት ነው፣ የወንድ ዘር ፍሬ ላይ ያለ ዕጢ በመርፌ አይወጋም፣ የጉበት ካንሰርም ብዙ ጊዜ በምስል ብቻ ይታወቃል፣ እዛ በመርፌው መንገድ የመዝራት ዕድሉም ከጡት ከፍ ይላል። ከሰው የሰማችሁት ነገር ምናልባት ከነዚህ የመጣ ይሆናል። ጡት ከነሱ አንዱ አይደለም።

ዕብጠቱን ሳይወጉ ጥንካሬውን መለካት ይቻላል ወይ ካልሽ፣ አዎ፣ ኢላስቶግራፊ የሚባል የአልትራሳውንድ ዓይነት አለ፣ የሚለካው ሴል ሳይሆን ቲሹ ነው፣ ሞገድ ይልክና ሞገዱ በምን ፍጥነት እንደሄደ አይቶ ጥንካሬውን ያሰላል፣ በጠንካራ ነገር ውስጥ ቶሎ ይሄዳል። ጉበት መጠንከሩን ለማየት በየቀኑ የሚሰራበት ነው። ጡት ላይ እንደ ተጨማሪ መረጃ ጥሩ ነው፣ ጥርጣሬያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ዕብጠቶችን ለመመደብ ሀኪሙን ያግዛል። ድክመቱን ግን እወቂው፣ ባለሙያው መሳሪያውን ጫን ካደረገው ጤነኛው ቲሹ ራሱ ጠንካራ ሆኖ ይወጣል፣ ጥልቅ ያለ ዕብጠት ላይ ይሳሳታል፣ ደግሞ እንደ ሙሲነስ (ንፍጥ መሰል ነገር የሚያመርት የጡት ካንሰር) ዓይነት ለስላሳ ሆነው የሚታዩ ካንሰሮች አሉ። ሀኪሙ ምስሉን አይቶ ባዮፕሲ ያስፈልጋል ካለ በኋላ ኢላስቶግራፊ ለስላሳ ነው ቢል ባዮፕሲውን የሚሰርዘው እናንተ አይደላችሁም፣ እሱ ከሁሉም ምስል ጋር አገናኝቶ የሚወስነው ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ባዮፕሲ የሚመልሰው ጥያቄ "ካንሰር ነው አይደለም" ብቻ አይደለም። ፓቶሎጂስቱ፣ ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሀኪም፣ የሴሉን ቅርጽ፣ የኒውክሊየሱን መጠንና መጣመም ያያል፣ እሱም በራሱ የሴሉን አካላዊ ባህሪ ማንበብ ነው፣ ከዛ አልፎ ግን ካንሰር ከሆነ የኢስትሮጅን ሪሴፕተር (ሆርሞኑን የሚቀበል ፕሮቲን) አለው ወይ፣ የፕሮጄስትሮን አለው ወይ፣ ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን በዝቷል ወይ የሚለውን ይመረምራል። የትኛው መድሃኒት እንደሚሰጥ የሚወስነው ይሄ ነው። ሴሎቹ ለስላሳ መሆናቸውን ነገ በትክክል ብለካልሽ እንኳን ሀኪሙ ከኔ ቁጥር ተነስቶ የሚያዝዘው አንድም ክኒን የለም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ባዮፕሲውን አሰሩ፣ በዚህ ሳምንት የሚገኝ ቀጠሮ ካለ በዚህ ሳምንት፣ የሴል ልስላሴ የሚለካ ቦታ ፍለጋ አንድ ቀን እንኳን እንዳይዘገይ። ከተቻለ ቀጭኑ መርፌ ሳይሆን ወፍራሙ፣ ኮር የሚባለው ይሁን፣ የቲሹውን ቁራጭ እንዳለ ስለሚያወጣ ከላይ ያልኩሽን ምርመራዎች ሁሉ በደንብ ለማሰራት ይበቃል። እናትሽ ደም የሚያቀጥን መድሃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመርፌው በፊት ለሀኪሙ ይንገሩ፣ በራሳቸው ግን አያቋርጡ። ናሙናው ወዲያው ፎርማሊን የሚባለው ቲሹ እንዳይበላሽ የሚያቆየው ፈሳሽ ውስጥ እንዲገባ ነው የሚፈለገው፣ እዛ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ከ6 እስከ 72 ሰዓት መሆን አለበት፣ ካለዚያ የሪሴፕተሮቹ ውጤት ሊበላሽ ይችላል፣ ስለዚህ ናሙናውን ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የምታደርሱት እናንተ ከሆናችሁ ቤት አታሳድሩት። ፎርማሊን ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ አያይዞ ስለሚያጠነክራቸው ከዛ በኋላ የሴሉን ልስላሴ መለካት አይቻልም፣ ምናልባት የሆነ የምርምር ቡድን ትኩስ ናሙና ለጥናት እንውሰድ ብሎ ቢጠይቃችሁ እንደኔ ላለው ሰው ትልቅ ውለታ ነውና ፈቃዳችሁ ከሆነ ስጡ፣ ግን መጀመሪያ ለፓቶሎጂ የሚበቃው ተወስዶ ካለቀ በኋላ ከተረፈው ብቻ፣ እና የኛን ቁጥር እንደ ውጤት አትጠብቁት።

ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር አይደለም ከተባለ ሀኪሙን አንድ ነገር ጠይቁልኝ፦ ይሄ መልስ በማሞግራሙና በአልትራሳውንዱ ከታየው ጋር ይገጥማል ወይ? ይገጥማል ካለ በሚሰጣችሁ የክትትል ቀጠሮ ሂዱ። ምስሉ በጣም አጠራጣሪ ሆኖ ናሙናው ምንም የለውም ካለ ግን መርፌው ትክክለኛውን ቦታ ስቶት ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ባዮፕሲው ይደገማል ወይ ዕብጠቱ በኦፕራሲዮን ወጥቶ ይታያል፣ እናትሽም ሁለተኛ መርፌ ሲባሉ በሽታው ስለባሰ እንዳልሆነ ቀድመሽ ንገሪያቸው።